«ባልዲ!» ብዬ የጮህኩባት ኩሬ

«ባልዲ!» ብዬ ጮህኩ፤ ዛሬ ጠዋት፣ ከነቀምቴው ጨለለቂ ሰፈር ወረድ ብላ ባለችው ኩሬ ዳር።

መንጠቆዬ ትልቅ አምባዛ ይዞልኝ ነበር። ቤተሰባችን ደንብ ነበረው፤ ዓሣ የያዘ ሰው «ባልዲ!» ይላል፣ ታናሽ እህቴ ባልዲውን ይዛ ትሮጣለች። አባባ ይህን ሥራ የሰጣት መንጠቆ ስንከለክላት እንዳታለቅስ ነው።

አባባ ካረፈ ቆየ። እሷም አግብታ አዲስ አበባ ገባች። አፌ ግን ይህን ሁሉ አልሰማም።

ማዶ ልብስ ያጥቡ የነበሩ አንዲት እናት አረፋ የሞላ ባልዲያቸውን ይዘው፣ ግማሹን ቀሚሳቸው ላይ እየደፉ፣ በሩጫ መጡ።

«ማል ታቴ ልጄ? ምን ሆንክ? ምን ተቃጠለ?»

«ኧረ ምንም አልተቃጠለም አዴ፣ ዓሣ ይዤ ነው።»

ግራ ቀኙን አዩ። ከእኔ ሌላ ሰው የለም።

«ታዲያ ማንን ነው የምትጠራው?»

መንጠቆውን ከአምባዛው አፍ ነቀልኩ።

ዓሣውን ለእሳቸው ሰጠኋቸው። (በሳሙና ውኃ ውስጥ ሆኖ ነው የሄደው፤ እንደሱ ንጹሕ አምባዛ ነቀምቴ አታውቅም።) አልሰሰትኩም፤ ለአንድ ሰው ይበዛል።

የእናንተስ አፍ፣ ሳታስቡት፣ የሌለ ሰው ይጠራል? ማንን?