ቁጥሩ የተፋቀ ዕቃ

ሲቀላ ሰፈር፣ ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ፣ የኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ የሚሸጥና የሚጠግን ሰውዬ አለ። እኔ መማር ስጀምር በአርባ ምንጭ ትራንዚስተር በችርቻሮ የሚገኘው እሱ ጋ ብቻ ነው ይባል ነበር። ወሬውን የሚነዛውም እሱ ራሱ ነበር።

ይህን የምጽፈው ይቅር ብዬው አይደለም። አላልኩትም።

አንድ ልማድ ነበረው። ዕቃ ሲሸጥልህ ከመሳቢያው ያወጣና ጀርባውን ይሰጥሃል። ከዚያ የሆነ ነገር ሲፋቅ ትሰማለህ። ፊቱን ሲመልስ ትራንዚስተሩ ላይ የነበረው ቁጥር በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ጠፍቷል። ለጀማሪ ደግሞ ቁጥሩ ሁሉ ነገር ነው። ስልክህ ላይ ስትጽፈው ዕቃው ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል ኃይል እንደሚችል፣ የትኛው እግሩ የት እንደሚገባ ይነግርሃል። ቁጥሩ የጠፋ ትራንዚስተር ሦስት እግር ያበቀለ ጥቁር ጠጠር ነው።

"ጋሼ፣ ለምን ፋቁት?" አልኩት በመጀመሪያው ቀን።

"ዕቃው ያንተ፣ ቁጥሩ የኔ።"

"ልማርበት ብዬ ነበር።"

ግጥም እንደምጽፍ ያውቃል። ቤተ ክርስቲያናችን አንድ ነው፤ በወጣቶች ፕሮግራም ላይ ሳነብ ሰምቶኛል። ባንኮኒው ላይ ወደተደገፉት ሰዎች ዞረና "አንተ ቤት ምታ የኔ ልጅ፣ ሽቦውን ለኛ ተወው። ትራንዚስተር እንደ ግጥም በጭብጨባ አይሠራም" አለ። ሳቁ። አንዱማ ሳቁ አላልቅ ብሎት ወደ በረንዳው ወጣ።

ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑ አምፕሊፋየር አንድ ጎኑ ሞተ። የመዘምራኑን መሪ ለምኜ ከፈትኩት። ቀድሞ ባለሱቁ ስለጠገነው የውስጡ ትራንዚስተሮች በሙሉ ፊታቸው ተፍቋል። የተቃጠለውን ነቅዬ ሱቁ ሄድኩና "የዚህን ዓይነት ይስጡኝ" አልኩት። አገላብጦ አየው፤ ጀርባውን ሰጠኝ፤ ፋቀ፤ ሰጠኝ። በየድረ ገጹ እንደተማርኩት በጥንቃቄ በየድኩት።

እሑድ መዘምራኑ ሁለተኛውን መዝሙር ሲጀምሩ አምፕሊፋየሩ ጨሰ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ እስከ ኋላ ወንበር ደረሰ። ሰውዬው ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ "ለባለሙያ ስጡ ብዬ ነበር" አለ። የመዘምራኑ መሪ እኔን ስታየኝ ቁጣ እንኳ አልነበራትም፤ የባሰው እሱ ነው። "ወንድሜ፣ ከእንግዲህ ዕቃውን አትንካብን" አለች። እሱም አምፕሊፋየሩን ወስዶ ጠግኖ መለሰው። ተመሰገነ። ከመድረኩ ላይ ተጸለየለት።

እኔ የሸጠልኝን ትራንዚስተር አምፕሊፋየሩ ሳይወሰድ ከውስጡ ነቅዬ አስቀርቼው ነበር። ቤት ወስጄ ፊቱን በጠመኔ አሸሁትና በስልኬ መብራት አግድም አየሁት። ብርጭቆ ወረቀት ቀለሙን እንጂ ጭረቱን ሁሉ አያጠፋም። ጠመኔው በቀሩት ጭረቶች ውስጥ ገብቶ ቁጥሩን ነጭ አድርጎ አወጣው። ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ያለውን የሞዴል ስም ጽፌ የሰርኪዩቱን ሥዕል ከኢንተርኔት ፈልጌ አወረድኩ። እዚያ የተጻፈው ቁጥር ሌላ ነው። የሸጠልኝ ለትንሽ ራዲዮ የሚሆን ደካማ ዕቃ ነበር። እያወቀ ነው የሰጠኝ።

ያኔ ልሰድበው አልሄድኩም። ስድብ ለእሱ ጭብጨባ ነበር። መንገዱን ልነጥቀው ወሰንኩ።

ከቆራሌ ጀመርኩ። አንድ የገረሴ ሰው ከሲቀላ ጀርባ ብረታ ብረት ይሰበስባል። የሞቱ የዲሽ ሪሲቨሮች፣ የተቃጠሉ አምፖሎች፣ የተሰበሩ ቻርጀሮች መሬት ላይ ተከምረዋል። "ይቺ ደግሞ ምን ትሠራልሃለች? ሞታለች እኮ!" እያለ ይስቅብኛል። የሞተ ሪሲቨር ውስጥ ግን በሕይወት ያሉ ካፓሲተሮች፣ ዳዮዶችና ትራንዚስተሮች አሉ፤ ቁጥራቸውም ፊታቸው ላይ ነው። እየነቀልኩ በቴስተር ለካሁ። የጠፋውን ደግሞ ሳሙናና ባትሪ በጅምላ የሚያከፋፍል የስልጤ ነጋዴ ለሸቀጥ መርካቶ ሲሄድ እንዲያመጣልኝ እልከዋለሁ። "ቁጥሩን በስልክ ላክልኝ ወንድሜ፤ እኔ አላነበውም፣ ለባለ ሱቁ አሳየዋለሁ፣ ኢንሻአላህ" ይለኛል። ዕቃዬ በሳሙና ካርቶን መሐል ተኝቶ ይመጣል፤ ለሳምንት ሳሙና ሳሙና ይሸተኛል።

ከዚያ የቴሌግራም ቻናል ከፈትኩ። ያገኘሁትን ሁሉ በአማርኛ ጻፍኩ፤ የትኛው የሞተ ዕቃ ውስጥ ምን እንደሚገኝ፣ ቪዲዮ ለማየት ዳታ የሌለው ሰው የትኛውን ጽሑፍ አውርዶ ቢያነብ እንደሚሻለው፣ መርካቶ የሚሄድ ሰው ምን ብሎ እንደሚጠይቅ። ከሁሉ በላይ ግን በትልቁ "ቁጥሩ የተፋቀ ዕቃ አትግዙ" አልኩ። ሬዚስተር መጠኑ የሚጻፍበት በቀለም ቀለበት ነው፤ የየቀለሙ ቁጥር አልያዝ ላላቸው ደግሞ፣ ቤት መምታት ከተባለ አይቀር፣ ግጥም ጻፍኩላቸው፤

ጥቁር ደመና፣ ቡኒ አባያ፣
ቀይ አፈር፣ ብርቱካን ከገበያ፣
ቢጫ ሙዝ፣ አረንጓዴ እንሰት፣
ሰማያዊ ጫሞ፣ ሐምራዊ ምሽት፣
ግራጫ አዞ፣ ነጭ የዶርዜ ጋቢ፤
ከዜሮ እስከ ዘጠኝ፣ ቁጠር አንተ አንባቢ።

ከሴቻ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ ተማሪዎች ሲሉት ሰማሁ። በሱቁ በር ሲያልፉ ደግሞ ጮክ ይላሉ። ደንበኞቹም ዕቃ ሲገዙ ገልብጠው ማየት ጀመሩ። "ቁጥሩስ ጋሼ?" ይሉታል። አንድ ቀን ማዶ ካለው ጁስ ቤት ቁጭ ብዬ ሦስት ሰው ተከታትሎ ባዶ እጁን ሲወጣ አየሁ። የማንጎ ጁስ እንደዚያ ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም።

አንዲት ቁጥር ብቻ በቻናሉ ላይ አልጻፍኩም። የቤተ ክርስቲያኑን አምፕሊፋየር ትራንዚስተር። ለምን እንደማልጽፋት ያኔም አውቅ ነበር።

የወጣቶች ጉባኤ ሊደርስ ሲል አምፕሊፋየሩ ዳግም ሞተ፤ እንደ ወትሮው ለእሱ ተሰጠው። ቀናት አለፉ። አንድ ከሰዓት፣ ከቻናሉ የመጡ ጀማሪዎችን በማስተምርበት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፍ ሥር፣ ሰውዬው መጥቶ ቆመ።

"ደህና ዋልክ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ። ይቀመጡ።"

አልተቀመጠም። ከኪሱ ሁለት ትራንዚስተር አወጣ፤ ሁለቱም የተፋቁ። "መርካቶ ያለው ሰውዬዬ ሱቁን ዘግቷል። አዲሱ ደግሞ ቁጥሩን ካልላክህ አልልክም አለኝ።"  ንግግሩን አልጨረሰም፤ እኔ ግን ገባኝ። ቻናሉን ከከፈትኩ ወዲህ ሌላ ሰው እንዳያውቅ ሲል፣ እስኪሸጥ ሳይጠብቅ ዕቃው ገና እንደገባ መሳቢያውን ሁሉ ፍቆ ነበር። አሁን እሱም አያውቀውም።

"ማን ፋቀው ጋሼ?" አልኩ።

 ከጀማሪዎቹ አንዲት ልጅ አፏን በመዳፏ ሸፈነች።

"ቁጥሩን ብቻ ንገረኝ" አለ ቀስ ብሎ።

"ቁጥሩ የኔ ነው። ዕቃው ግን አለኝ። አምፕሊፋየሩን ያምጡት፤ ራስዎ ይሸከሙት።"

ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ ሄደ። በገበያ ቀን ከሱቁ እስከ ግቢው ያለውን መንገድ አስበው። ሲመለስ አምፕሊፋየሩ ትከሻው ላይ ነበር፤ መንገድ ላይ ያላየው ሰው አልነበረም። የመዘምራኑ መሪ በሩን ከፈተችለት፣ አየችው፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"አንተ ነህ የምትሠራው?"

"ከፈቀዳችሁልኝ።"

"ሥራው" አለች፤ ጠረጴዛውንም ራሷ አጸዳችልኝ።

ከሞተ አምፕሊፋየር የነቀልኩትን፣ ቁጥሩ በነጭ የሚታይ ትራንዚስተር አስገብቼ በየድኩ። እሱ ከአጠገቤ አልራቀም። ሲበራ መዘምራኑ የሞከሩት መዝሙር ግቢውን ሞላው፤ ምንም አልጨሰም። ክዳኑን ለመግጠም ቡሎኑን ስፈልግ፣ ሰውዬው ወደ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን ሲያነብ አየሁት። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ትምህርት ቤት እንደገባ ልጅ፣ አንድ በአንድ።

ክዳኑን ቶሎ ገጠምኩት።