ለቅርጫት ኳስ የተዳርሁ ጊዜ

በጎንደር ከተማ ከነገሥታቱ ግንብ ቀጥሎ ረጅሙ ነገር እኔ ነበርሁ። የሚጠራጠር ሰው ካለ ሄዶ ግንቡን ይለካ። እኔን ለመለካት ግን ጊዜው አልፏል፤ ጉልበቴ ከታመመ ወዲህ ትንሽ ወርጃለሁ። በአሥራ ስድስት ዓመቴ ዝናብ ሲመጣ ቀድሞ የሚርሰው የኔ ራስ ስለነበር የሰፈር ልጆች አንጋጠው «ጀመረ ወይ?» ብለው ይጠይቁኝ ነበር። እናቴ ልትቆጣኝ ስትፈልግ መጀመሪያ «ተቀመጥ» ትላለች። ቆሜ ከተቆጣችኝ ቁጣው ከሆዴ አያልፍም።

አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ነው። አያቱም፣ የአያቱም አባት ጨርቅ ነጋዴዎች ነበሩ። ሱቁ ወደ ጎን መስፋት ስላልቻለ ወደ ላይ አድጎ መደርደሪያው ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረው። አቡጀዴው ከታች፣ ውድ ውዱ ጣቃ ከላይ ነው። አባቴ ደግሞ አጭር ነው። ጎረቤቶቻችን «መሰላል ከሚገዛ ልጅ ወለደ» እያሉ ይስቁበት ነበር፤ እሱም አይክድም። ከትምህርት ቤት እንደተመለስሁ መደርደሪያው ሥር እቆማለሁ፤ አባቴ ቀና ሳይል «ሰማያዊዋን» ይላል፤ እኔ እጄን ዘርግቼ አወርዳለሁ። ጨርቅ እንድለካ ግን ፈቅዶልኝ አያውቅም። ልኩ በክንድ ነዋ። አንድ ቀን ለአንዲት የአይከል ሴት አምስት ክንድ ለካሁላት፤ ቀሚስ አሰፍታበት፣ ከትርፉ ሁለት ሴት ልጆቿን አልብሳ፣ በሳምንቱ ልትመርቀኝ መጣች። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ማውረድና መስቀል ብቻ ሆነ።

ቅርጫት ኳስን ወደ ትምህርት ቤታችን ያመጣው ህንዳዊው የሒሳብ መምህራችን ነው። ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ አስተከለና ጫፋቸው ላይ ሳንቃ መትቶ የበርሜል ቀለበት አሰረበት። በአጥሩ በኩል ወደ ገበያ የሚያልፉ ሴቶች ቆመው ተመለከቱና አንዲቱ «ምነው ይኸ ቅርጫት ቂጥ የለውም?» አለች። ሌላዋ «ፈረንጅ እንዲህ ነው፤ ያስገባና መልሶ ያፈሳል» ብላት መንገዳቸውን ቀጠሉ። እስከ ዛሬ ድረስ ስለ ጨዋታው ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልሰማሁም።

ችግራችን ግን ቅርጫቱ አልነበረም፤ አስተዳደጋችን ነበር። ክፍላችን ውስጥ ከጃናሞራ የመጣ፣ ጢም ያበቀለ፣ የሁለት ልጆች አባት የሆነ ተማሪ ነበር። ሁላችንም «አያ» እንለዋለን። ኳሱ እጁ የገባ ሁሉ ዞር ብሎ አያን ይፈልጋል። ታላቅ ቆሞ እያየ ታናሽ እንዴት ብሎ ይወረውራል? አያ ደግሞ ቁመቱ የኔን ብብት አያልፍም፤ ወርውሮ የሚያገኘው አጥሩን ነው። እኔ ቅርጫቱ ሥር ቆሜ፣ እጄን ብዘረጋ ቀለበቱን ልጨብጥ ስችል፣ ኳሱን በሁለት እጄ ይዤ ጎንበስ ብዬ ለአያ አቀብል ነበር። መምህሩ ፊሽካውን እስኪተፋ ይጮኻል።

«ለምንድን ነው የማትወረውረው?»

«አያ አለ እኮ።»

መምህሩ ሦስት ሳምንት ተጨነቀ። በመጨረሻ አንድ ቀን ሰበሰበንና ወደ ቅርጫቱ እየጠቆመ «ከናንተ ሁሉ ታላቁ እሱ ነው፤ በክብር ለእሱ ስጡት» አለን። አያ ራሱ ነገሩን አሰበበትና «ሸጋ ነው፤ እኔም ለእሱ ልስጥ» ሲል ፈረደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተጫዋቾች ሆንን። እኔማ ቅርጫቱን እንደ ሱቃችን መደርደሪያ ቆጥሬ ጣቃ እንደምሰቅል ኳሱን እየሰቀልሁ እመለስ ነበር።

ዝናዬ ሊማሊሞን ተሻግሮ አሥመራ ደረሰ ብል ውሸት አይሆንም፤ ብቻ ዝናው ራሱ አልተሻገረም፣ የአሥመራ ቡድን ወደኛ መጣ። የአንድ መሥሪያ ቤት ቡድን ነበር፤ የወዳጅነት ጨዋታ ሊጫወቱ መጥተው ክፉኛ አሸነፉን። እኔ ግን ከኛ በኩል የገባውን ሁሉ ከሁለት ኳስ በስተቀር አገባሁ። ጨዋታው ሲያልቅ አሠልጣኛቸው፣ ሙሉ ልብስ የለበሰ ጥድፊያ የሚወድ ሰው፣ ክንዴን ያዘኝ።

«በደሞዝ ትጫወታለህ። ማደሪያ አለህ። ከነገ ወዲያ እንሄዳለን። ምን ትላለህ?»

በሕይወቴ ያንን ያህል የፈለግሁት ነገር የለም። ኳስ ተጫውቶ ደሞዝ መብላት ማለት ለኔ በቁም ጀነት መግባት ነው። ግን «እሺ» ማለት የኔ ፈንታ አልነበረም። «አባቴን» አልሁት።

አሠልጣኙ ያኔውኑ ብቻውን ወደ ሱቁ ሄደ። በሩ ላይ ቆሞ፣ አንድ እጁን ኪሱ ውስጥ እንዳደረገ፣ «ልጅዎን ልውሰደው» አለ። አባቴ የሚያጥፈውን ጨርቅ እንኳ አላስቀመጠም።

«ስንት ክንድ ይሁንልህ?»

«ጨርቅ አይደለም፤ ልጅዎን።»

«ልጅ ሱቅ በር ላይ በቁም አይጠየቅም፣ ወዳጄ። ጨርቅ ከፈለግህ ግባ።»

አሠልጣኙ ግራ ገብቶት ወደ እኔ ተመለሰ። ሽማግሌ መላክ እንዳለበት ነገርሁት። «ሽማግሌ? ለኳስ?» አለ። ለልጅ መሆኑን አስረዳሁት። የማታ ማታ ሦስት ሰዎች አገኘን፤ አባቴ የሚያከብራቸው አንድ ሸኽ፣ የአባቴ የረጅም ዘመን ወዳጅ የሆኑ አንድ ቄስ፣ ሦስተኛው ለአባቴ ከአሥመራ ጨርቅ ያመጣለት የነበረ የጭነት ማኪና ሾፌር። በማግሥቱ ከንጋቱ ጋር ሦስቱ ከፊት፣ አሠልጣኙ ከኋላ ሆነው ቤታችን መጡ።

እኔ ከመጋረጃው ኋላ እናቴ አጠገብ ቆሜያለሁ። እንደ ሙሽራ መሆኑ ነው፤ ብቻ ሙሽራው ከመጋረጃው በላይ ይታያል። እናቴ «ዝቅ በል፣ ያዩሃል» እያለች ቁምጣዬን ትጎትታለች።

«አረፍ በሉ እንጂ» አለ አባቴ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ቄሱ።

«ይሰማ።»

ሸኹ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ልጅህን ለዚህ ሰው ቡድን ስጥልን ብለን መጥተናል» አሉ። ሾፌሩ «አሥመራን አውቃታለሁ፤ ብርድ ብቻ ነው ክፋቷ» ብሎ ጨመረበት። አባቴም ማንም ሴት ልጅ ያለው አባት እንደሚለው «ከዘመድ ጋር እንመካከርበት። በስምንተኛው ቀን ተመለሱ» አለ። ሽማግሌዎቹ መርቀው፣ ደስ ብሏቸው ወጡ። እኔም ከመጋረጃው ኋላ በደስታ ስዘል ጣሪያውን ነካሁ።

አሠልጣኙ ግን እምቢ የተባለ መስሎት ኖሯል። በማግሥቱ ጠዋት አያ ሮጦ መጥቶ «ሰውየው ሻንጣውን ማኪና ላይ አስጭኗል» አለኝ። እንዴት እንደሮጥሁ አልነግራችሁም፤ ከሰፈራችን እስከ አውቶቡሱ በአሥራ ሁለት እርምጃ ደረስሁ ብል ማን ያምነኛል? ሞተሩ ተነሥቷል። የአውቶቡስ መስኮት ለኔ ቁመት የተሠራ ነውና ከውጭ ቆሜ፣ ዓይን ለዓይን ተያየን።

«ምነው ይሄዳሉ?»

«አባትህ እምቢ አለ እኮ።»

«የት ላይ ነው እምቢ ያለው?»

«ስምንት ቀን እንመካከርበት አለ። እኔ ኳስ ተጫዋች ነው የምፈልገው፣ ስምንት ቀን የት አለኝ?»

«እምቢ ቢል ቀን ይቆርጥልዎታል? ለባለቤትዎ ስንት ጊዜ ሽማግሌ ላኩ?»

በጣቶቹ ቆጠረና «አራት ጊዜ» አለ።

«ታዲያ እኔ ከባለቤትዎ በምን አነስሁ?»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ከኋላ ወንበር አንዲት አሮጊት «ውረድ ልጄ፣ እንዲህ ያለ ቁመት ሁለተኛ አታገኝም» አለችው። አሠልጣኙ እየተነጫነጨ ወረደ። ቡድኑ ያለ እሱ ሄደ።

እነዚያ ስምንት ቀናት ከኛ ረመዳንና ከጎረቤቶቻችን ሁዳዴ ይበልጥ ረዘሙብኝ። አባቴ ከማንም ዘመድ ጋር ሲመካከር አላየሁትም። በስድስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ አንዲት ደንበኛ ከላይኛው መደርደሪያ ቀይ ጣቃ ጠየቀች። እጄን ስዘረጋ አባቴ «ተወው» አለኝ። ሣጥን ጎትቶ አመጣ፤ በላዩ ሌላ ሣጥን ደረበ፤ ወጣበት። ሣጥኖቹ ይወዛወዛሉ። ጣቃውን በጣቱ ጫፍ ጎተት፣ ጎተት አድርጎ አወረደው፤ ሁለት ሌሎች ጣቃዎችም አብረው ራሱ ላይ ወረዱ። ከጨርቁ ውስጥ ሲወጣ ቆቡ ጠፍቷል። እኔ ልረዳው ሄድሁ። «ቁም እዚያው» አለኝ። «ይለመዳል።» ደንበኛይቱ ነገሩ አልገባትም። እኔ ግን ገባኝ፤ በቆምሁበት እጄን ዘርግቼ ቆቡን አነሣሁለት።

በስምንተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ቆሙ። አባቴ በዚህኛው ጊዜ አሠልጣኙን ራሱን ጠየቀው።

«ሥጋ የሚበላው ከማን ነው?»

«ከመሥሪያ ቤታችን ሁለት እስላሞች አሉ፤ ከእነሱ ቤት ይበላል።»

«ሲያረጅስ?»

«ከአሁኑ መዝገብ ቤት ጠረጴዛ ይሰጠዋል። ጠዋት ይሠራል፣ ከሰዓት በኋላ ይጫወታል።»

«ጨዋታው ሥራ ከሆነ የሚያርፈው ምን እየሠራ ነው?»

ሸኹ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። አባቴ ግን አልሳቀም። «እሺ፣ ሰጥቻለሁ» አለ። «ግን ዳርሁ እንጂ አልሸጥሁም። ሁለት ወር ሳይሞላ ለመልስ ታመጡታላችሁ፤ እሱን ብቻ አይደለም፣ ቡድኑን በሙሉ። ዋሶቹ እነዚህ ሦስቱ ናቸው።» ያኔ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ።

አሥራ አንድ ዓመት ተጫወትሁ። ስለ ዋንጫዎቹ፣ ስለ ጉልበቴ፣ አንድ ጊዜ ኳሱን ከሜዳ አውጥቼ የቡና ቤት ጠረጴዛ ላይ ስላሳረፍሁት ሌላ ጊዜ ብዙ ዋሽቻለሁ። አሁን ልነግራችሁ የፈለግሁት መልሱን ነው።

ቃል ቃል ነውና በሰባተኛው ሳምንት አሠልጣኙ አሥራ ሁለት ተጫዋች ይዞ ጎንደር ገባ። ከሰዓት በኋላ ከጥንት ቡድኔ ጋር ጨዋታ ተይዟል። አባቴ ደግሞ ከረፋዱ ጀምሮ ድግስ ጥሏል። ሁለት ሙክት ታርዷል፤ አንዱ በሸኹ፣ አንዱ ቄሱ ባመጡት ሰው እጅ። በኛ አገር እስላምና ክርስቲያን በፍቅር አብሮ ይኖራል፣ ሥጋው ግን ለየብቻ ነው። ስለዚህ ቡድናችን በአጥቂና በተከላካይ ሳይሆን በሙክት ተከፈለ።

አሠልጣኙ ሰዓቱን እያየ «አባት፣ ከጨዋታው በኋላ ብንበላ?» አለ።

«የመልስ እንግዳ ጾሙን ከቤቴ ይውጣ? አፈር ስሆን።»

እናቴ የምታጎርሰው አላነሰም። እምቢ ያለ ተጫዋች አፉን ሲከፍት «እም» ከማለቱ ጉርሻው ይገባል። ወደ ሜዳ ስንሄድ የኛ መሐል ተጫዋች በእጁ ሆዱን ደግፎ ነበር። ጨዋታው ተጀመረ ልበል? እኛ አልጀመርንም። የጎንደር ልጆች በባዶ ሆዳቸው እንደ ንብ ዞሩብን። አያ እንኳ፣ ያ አያ፣ ሁለት ጊዜ አገባብን። አሠልጣኙ ፊሽካውን ጣለ። ሕዝቡ ለእኔ ያጨበጭባል፣ በእኔ ላይ ሲገባም ያጨበጭባል፤ ለማን እንደሚያዝን ግራ ገብቶት በሁሉም ተደሰተ። አባቴ አዲስ ጋቢ ለብሶ ከሜዳው ዳር ቆሟል፤ ስጫወት ሲያየኝ የመጀመሪያው ነው። ተሸንፌ ወደ እሱ ስመጣ በጣም ረክቶ ነበር።

«ደግ አደረጋችሁ» አለኝ። «እንግዳ ሆኖ ባለቤትን ማሸነፍ ነውር ነው።»

በማግሥቱ ጠዋት አውቶቡሱ ቆሟል። ሻንጣው ተጭኗል፤ ሁሉም ገብቷል። እናቴ ለመንገድ ቆሎ በቦርሳዬ ጨምራ፣ ጎንበስ አድርጋ ስማኝ ወደ ኋላ ተመልሳለች። አባቴና እኔ ብቻ በሩ ላይ ቀረን። የአውቶቡሱ ሾፌር ጥሩምባውን ነፋ። አሠልጣኙ ልጁን መልሰው ይወስዱብኛል ብሎ ሌሊቱን ሙሉ እንዳልተኛ ፊቱ ይናገራል። ራሱን በበሩ አውጥቶ፣ በትሕትና፣

«አባት፣ ይልቀቁት እንግዲህ፤ ሊማሊሞን በቀን መውረድ አለብን» አለ።

«እኔ መች ያዝሁት?» አለ አባቴ።

ዝቅ ብዬ አየሁ። እውነቱን ነው፤ የእሱ ሁለት እጆች ጋቢው ውስጥ ናቸው። የጋቢውን ጠርዝ ጨብጦ የቆመው የኔ እጅ ነበር። አባቴ ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈታቸውና «በርዋ ዝቅተኛ ናት፣ ግንባርህን» ብሎ ገፋ አደረገኝ። አጎንብሼ ገባሁ።