ሰማንያ ሰባት በመቶ የጸደቀው ኮረብታ

«ሠላሳ አንድ» አለች በጉልበቷ ተንበርክካ። «ይቺኛዋስ?»

የኮረብታው ዘበኛ ጎንበስ ብሎ ችግኟን በሁለት ጣቱ ነካ አደረጋት። እንደ ክብሪት እንጨት ቀጭ አለች።

«ይቺማ ካረፈች ሰነበተች።»

«እንግዲያው ሠላሳ አንድ ነው። ይጻፉልኝ ጋሼ።»

ዘበኛው እርሳሱን በምራቁ አርሶ ደብተሩ ላይ ጻፈ። በአራት ካስማ ላይ የተወጠረው ገመድ ሃያ ሜትር በሃያ ሜትር ይከባል። ውስጡ መቶ ችግኝ ተተክሎ ነበር። የዚያን ቀን ስድስተኛው ገመድ ይህ ነበር። ከስድስቱ አንዱም አርባ አልሞላም።

ኪሷ ውስጥ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ ደብዳቤ አለ። ኮረብታው ከዝናቡ በፊት ዳግም እንዲተከል ጠይቃ ነበር። መልሱ ሁለት መስመር ነው፦ ኮረብታው ሰማንያ ሰባት በመቶ ስለጸደቀ ዳግም ተከላ አያስፈልገውም። ማስረጃ ሆኖ የተያያዘው የቆጠራ ቅጽ ላይ ያለው ፊርማ የራሷ ነበር።

የመንግሥት የደን ልማት ፕሮግራም ኃላፊ ከሆነች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ሥራውን የጀመረችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ በችግኝ ጣቢያ፣ ላስቲክ ውስጥ አፈር በመሙላት ነው። በማታ ትምህርት ዲፕሎማ፣ ከዚያም ዲግሪ ያዘች። ሠራተኞቹ በሌለችበት «እመት ገመድ» ይሏታል። የመኪናዋ ወንበር ሥር ገመድ አይጠፋም። በስብሰባ ላይ ስንት ሺህ ችግኝ እንደተተከለ የሚዘረዝር ሰው ካለ ታቋርጠዋለች። «የተከልከውን ተወው፤ የጸደቀውን ንገረኝ።»

አንድ መጥፎ ልማድ ነበራት። ቅጾቹ ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ዋናው መሥሪያ ቤት መድረስ አለባቸው። እሷ ግን ከወሩ ሦስቱን ሳምንት ሜዳ ላይ ናት። ስለዚህ አሥር አሥር ባዶ ቅጽ ላይ አስቀድማ እየፈረመች ለምክትሏ ትተወዋለች። እሷ ከሜዳ ቁጥሩን በስልክ ትነግረዋለች፤ እሱ ይሞላል።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሳይለካ አይቆርጥም። ይህን የሰማ ዕለት መቀሱን አስቀመጠ።

«ባዶ ወረቀት ላይ? ለእኔ እንኳ ፈርመሽልኝ አታውቂም!»

«አንተ መቼ ምክትሌ ሆንክና።»

ምክትሉን ከሰባት አመልካቾች መርጣ ያመጣችው እሷ ናት። ገመድ አወጣጠር ያሳየችው እሷ ናት። ሚስቱ ታማ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ ሁለት ወር ሙሉ የእሱንም ሥራ ደርባ ሠርታለች። እትዬ ይላታል።

ከኮረብታው በቀጥታ ወደ ቢሮው ሄደች። ጫማዋ ላይ ያለው አፈር ምንጣፉ ላይ ረገፈ።

«ይህን ቁጥር ማን ጻፈው?»

«እትዬ፣ እስቲ መጀመሪያ ይቀመጡ።»

«ቆሜ ነው የምሰማህ።»

በሩን ዘጋ። «ከላይ ደወሉ። ከሰማንያ አምስት በታች ከሆነ ፕሮግራሙ ይታጠፋል አሉ። የእርስዎ ስልክ አልሠራ አለ። ስድሳ ሰው ሥራ ፈት ከሚሆን ብዬ ነው።»

«ታዲያ ሰማንያ አምስት አትልም ነበር?»

«በአምስትና በዜሮ የሚያልቅ ቁጥር ያስጠረጥራል» አለ። «ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

እውነቱን ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ ችግኝ የሚቆጥር ሰው በአምስት ወይም በዜሮ ይጨርሳል ብላ የነገረችው እሷ ናት።

«ከኮረብታው ሥር ሰፈር አለ» አለችው። «አምና ጭቃው የሁለት ቤት ደጃፍ ድረስ መጥቶ ነው የቆመው። ከብቶቻችሁን አውጡ፣ እኛ ደን እናለብሰዋለን ያልናቸው እኔና አንተ ነን። ዝናቡ ሊገባ ሁለት ወር ነው የቀረው።»

«አውቃለሁ።»

«ነገ ቁጥሩ ስህተት ነው ብለህ ጽፈህ ታስተካክላለህ።»

«እሺ እትዬ።»

አልጻፈም። አራት ቀን ጠበቀች። በአምስተኛው ቀን እሷው ጻፈች። የስድስቱን ገመድ ቆጠራ አያይዛ የበፊቱ ቅጽ እንዲሰረዝ ጠየቀች። በሳምንቱ ሦስት ሰዎች ያሉበት አጣሪ ኮሚቴ ጠራት።

ክፍሉ ጠባብ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውሃ ተደርድሯል፤ የሚከፍተው የለም። መጀመሪያ የተናገረው ምክትሉ ነው።

«ቁጥሩን በስልክ የነገሩኝ ኃላፊዋ ናቸው። እኔ እንደተነገረኝ ሞላሁ። ፊርማውም የእሳቸው ነው።»

እትዬ አላለም። ዓይኗንም አላየም።

«በባዶው ነው የፈረምኩት» አለች።

ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ። «እህቴ፣ ይሄ ያድንሻል ብለሽ ነው?»

«እንዲያድነኝ አይደለም የነገርኳችሁ። ቅጡኝ። ኮረብታውን ግን ሄዳችሁ እዩት። ግማሽ ቀን ነው የሚፈጀው።»

«ኮሚቴው የሚያየው ሰነድ ነው።»

«እሺ፣ ሰነድ ከሆነ ደብተሩ ይኸው። አብሮኝ የቆጠረውን ሰው ጥሩልኝ።»

ዘበኛው ገባ። የተተኮሰ ኮት ለብሷል፤ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዟል። ኮረብታውን ዘጠኝ ዓመት ጠብቋል። የትኛው ችግኝ በየትኛው ሳምንት እንደደረቀ በቃሉ ያውቃል።

«ከእሳቸው ጋር ቆጥረሃል?» አለ ሰብሳቢው።

«እኔ ገመድ ነው የያዝኩት ጌታዬ። ቁጥሩን አላውቅም።»

ደብተሩን ገልጣ ወደ እሱ ገፋችው። «ጋሼ፣ ይሄ የእርስዎ ጽሑፍ አይደለም?»

ዘበኛው ገጹን ብዙ አየ። ሰባቶቹን አንገታቸው ላይ በጭረት አድርጎ የሚጽፍ በመሥሪያ ቤቱ ሌላ ሰው የለም።

«ዓይኔ ደክሟል ልጄ» አለ።

ምክትሉ ውሃ ከፍቶ ጠጣ።

ስትወጣ ዘበኛው ደረጃው ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር።

«ጡረታ ልወጣ ስምንት ወር ነው የቀረኝ» አለ። «ምክትሉ አስጠርቶ አናገረኝ፤ ምን ላድርግ? በዚህ ዕድሜዬ ማን ይፈርድብኛል?»

«እኔ» አለችና ወረደች።

ማታ ለባሏ ሁሉንም ነገረችው። ጨርቅ እየጠቀመ ነበር፤ መርፌውን ሳያቆም ሰማት።

«ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» አለ መጨረሻ ላይ።

«ተው እባክህ። ልጓሙን ፈትቼ የሰጠሁት ራሴ ነኝ።»

«እሱስ ነው። ሽማግሌውስ?»

ምክትሉ ሹመት ይፈልጋል፤ ሹመት የሚፈልግ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ዘበኛው ግን ስድስቱንም ገመድ አብሯት ተንበርክኳል። የሞተችውን ችግኝ ቀጭ ያደረጋት በገዛ ጣቱ ነው። መብራት አጥፍተው ከተኙ በኋላ ባሏን ቀሰቀሰችው።

«ልጄ አለኝ እኮ» አለችው። «እየካደኝ ልጄ አለኝ።»

ውሳኔው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደረሳት። ከኃላፊነቷ ተነስታ ወደ ተሽከርካሪ ስምሪት ክፍል ተዛወረች። ምክትሉ በቦታዋ ተሾመ። ሰማንያ ሰባት በመቶው ሳይነካ ጸና፤ በዚያ ዓመት ኮረብታው ላይ አንድም ችግኝ አልተተከለም።