ግድግዳው የደበቀው ዓይን

ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ስወጣ፣ ከመንገዱ ማዶ ያሉት አናጢዎች ዋንዛ ሲልጉ የሚነሳው ሽታ ሁልጊዜ እርምጃዬን ያዘገየዋል፤ ጓደኞቼ ባጃጅ ውስጥ ሆነው «ነይ እንጂ፣ ሊሞላ ነው!» እያሉ ሲጠሩኝ፣ እኔ በልቤ ደዶ ደርሻለሁ፤ በተራሮቹ መሀል ሸለቆው ውስጥ ወደተቀመጠችው፣ ግድግዳዋ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ወደተሞላው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን።

ልጅ ሳለሁ ወደዚያ የወሰዱን ጎረቤታችን አባ ፊጣ ነበሩ። በሰፈራችን በመንደራ ቆጪ ከእሳቸው የተሻለ አናጢ አልነበረም፤ ሙስሊም ቢሆኑም የቤተ ክርስቲያኗ በር ሲወልቅ ቄሱ የላኩት ወደ እሳቸው ነው፤ እናቴም ልትሳለማት ስትመኝ ኖራ ስለነበር እኔን ይዛ ተከተለቻቸው። አባ ፊጣ አንድ ዓይናቸውን በወጣትነታቸው የእንጨት ስንጥር አጥፍቶባቸዋል። «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይላሉ፤ ስለ ሰጋቱራ ግን የተባለ ነገር የለም» እያሉ ይስቁ ነበር፤ እኔም ከሰፈሩ ሰው ሁሉ አብልጬ እወዳቸው ነበር።

ውስጡ ቀዝቃዛና ድንግዝግዝ ያለ ነበር፤ ዓይኔ ጨለማውን እየለመደ ሲሄድ ቀዩም ቢጫውም ቀስ እያለ ከግድግዳው ወጣ። ቅዱሳኑ ትልልቅ ዓይኖቻቸውን አፍጥጠው ያዩኛል። ከታች የተደረደሩት ሰዎች ግን በጎን ተስለው አንድ አንድ ዓይን ብቻ ነበራቸው። «እነዚህስ?» ብዬ እናቴን ብጠይቃት፣ «ክፉዎች ናቸው፤ ክፉ ሰው በአንድ ዓይን ነው የሚሳለው» አለችኝና ጸሎቷን ቀጠለች።

አባ ፊጣ ትዝ አሉኝ። ሮጬ ወጣሁና አባ ፊጣ በሩን ሊገጥሙ ጎንበስ ባሉበት ደጃፍ ላይ ቆሜ፣ ውስጡን እንዳያዩ ቀሚሴን በሁለት እጄ ዘረጋሁ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ምን ሆንሽ? ብርሃን ከለከልሽኝ እኮ!»

«እንዳያዩ አባ ፊጣ! እዚያ ውስጥ... አንድ ዓይን ያለው ሁሉ ክፉ ነው።»

መዶሻቸውን አስቀመጡ። አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ከትከሻዬ በላይ ግድግዳውን ሲያዩ ቆዩና ሰውነታቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ሱብሃነላህ! እነዚህማ ሁለት ዓይን አላቸው። ዞረውብን ነው እንጂ፤ አንደኛውን በግድግዳው በኩል ደብቀውታል። እኔ ምን የደበቅኩት አለ? ይኸው፣ እዪኝ።» ፊታቸውን ወደ እኔ አቅንተው ጠበቁኝ። እስከዚያ ቀን ትክ ብዬ አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ ጠጋ ብዬ ሳያቸው የጠፋው ዓይናቸው ጭምር የሚያየኝ መሰለኝ፤ ቀሚሴንም ለቀቅኩት።

ባለፈው ወር ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ወደዚያ ሄጄ ነበር። ጣሪያው ሲያፈስ ከርሞ የታችኛው ረድፍ ሥዕል ረግፏል፤ ቦታው በሲሚንቶ ተለስኗል። ስመለስ በቀጥታ ወደ አባ ፊጣ ቤት ሄድኩና ከፊታቸው ወንበር ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። በጣም ያዝናሉ ብዬ ስለፈራሁ፣ ወሬዬን ስጨርስ ቀስ ብዬ ተነስቼ ከጎናቸው መደቡ ላይ ተቀመጥኩ።

«አይ እነዚያ ክፉዎች!» አሉ እየሳቁ፤ «የደበቁትን ዓይን ሳያሳዩን ሄዱ በይኛ!»

እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ይህን ሁሉ የሚናገሩት እኔ ለተነሳሁበት ባዶ ወንበር ነበር፤ ደህናዋም ዓይናቸው መነሳቴን አላየችም።