አባሪና ግልባጭ

ከእንጦጦ ማርያም ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ባሕር ዛፉ ሳሳ ብሎ የጭቃ ቤቶች ብቅ ብቅ በሚሉበት ቦታ የምትኖረው በለጡ፣ ማንበብ የተማረችው ፀጉሯ መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አብረዋት የተቀመጡት ሴቶች ስማቸውን መጻፍ ሲበቃቸው እሷ ግን አልበቃትም። የግድግዳ መፈክር፣ የሳሙና መጠቅለያ፣ የቀበሌ ማስታወቂያ፣ ፊቷ የመጣውን ሁሉ በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነባለች። ንባብ ስለምትወድ አልነበረም። ያልተነበበ ወረቀት ስለሚያስፈራት ነው።

ፍርሃቱ መነሻ ነበረው። በሰባ ዓመተ ምሕረት ባሏን ወልደ ሐዋርያትን ከቤት የወሰዱት ሰዎች በር ላይ ቆመው አንድ ወረቀት አንብበውላት ነበር። ካነበቡት ሁሉ ጆሮዋ የያዘው «አባሪ ተባባሪ» የሚለውን ብቻ ነው። ወልደ ሐዋርያት አጣና ሻጭ ነበር፤ ካራ አካባቢ አጣና ያደረሰበት ግቢ ውስጥ የሚፈለጉ ወጣቶች ተደብቀው ተገኙ፣ አጣናውን ያራገፈውም አብሮ ታፈሰ። ክረምቱን በሙሉ ታስሮ ተፈታ። ሰውየው ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ጨዋታው ግን አልተመለሰም። ማታ ማታ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በሩን ያያል እንጂ አይናገርም። በለጡም ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሰው ባየች ቁጥር ማን እንደላከው ሳትመረምር አታልፍም።

በ1973 ዓ.ም. የሠፈሩ ሴቶች የበግ ፀጉር እየፈተሉ ምንጣፍ የሚሠሩበት ማኅበር ተቋቋመ። ማንበብ ትችላለች ብለው በለጡን ሊቀመንበር አደረጓት። ሹመቱን አልፈለገችውም፤ ግን እምቢ ማለትም በዚያ ዘመን ለምን ተብሎ የሚያስጠይቅ ነገር ነበር።

የማኅበሩ ትልቁ ችግር ማቅለሚያ ነው። ቀለሙንና ለድር የሚሆነውን ክር የሚያከፋፍለው አንድ የመንግሥት ኮርፖሬሽን ብቻ ነበር፣ እሱም በቃል የቀረበ ጥያቄ አይቀበልም። በለጡ ሾላ ገበያ ጥግ ጠረጴዛ ዘርግቶ ማመልከቻ ለሚጽፍ ሰው ነግራ ሁለት ጊዜ አስጻፈች። ሰውየው «ይድረስ ለክቡርነትዎ» ብሎ ጀምሮ፣ ጤና ጠይቆ፣ የሴቶቹን ድህነትና የልጆቻቸውን ራብ ዘርዝሮ፣ ስለ ማቅለሚያው የሚያነሣው ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ነው። ሲነበብላቸው ሴቶቹ አልቅሰዋል። ለሁለቱም ማመልከቻዎች ግን መልስ አልመጣም።

ይኼኔ ነው ቀበሌው ፋዲላን ጸሐፊ አድርጎ የመደባት። ፋዲላ የሾላው ቅመም ነጋዴ የጀማለዲን ልጅ ናት፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ የጽሕፈት ሥራ ተምራለች። በቀበሌ የተመዘገበ አሮጌ የጽሕፈት መኪና በጨርቅ አስጠቅልላ መጣችና ከበጉ ፀጉር ጆንያ አጠገብ ጠረጴዛዋን አስተካከለች። በለጡ ሰላም አለቻት፣ ወንበርም ሰጠቻት። በሆዷ ግን የሾላ ነጋዴ ልጅ ገበያውን ትታ እዚህ ዳገት ላይ ምን ልትፈልግ መጣች ትላለች።

ፋዲላ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጠያቂ ሆነች። ማቅለሚያው ምን ያህል ነው? የትኞቹ ቀለሞች? መጨረሻ የገዛችሁት መቼ ነው? ለየትኛው ክፍል ነው የጻፋችሁት? የአባላቱ ስም ከነአባታቸው ማን ማን ነው? እየጠየቀች ትጽፋለች፣ እየጻፈች ትጠይቃለች። በለጡ ባጭር ባጭሩ መለሰችላት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከዚህ በፊት የሰማችው የወልደ ሐዋርያትን ስንቅ ይዛ ስትሄድ እስር ቤቱ በር ላይ ከነበሩት ሰዎች ነው።

ደብዳቤው በማግስቱ ተመትቶ አለቀ። ፋዲላ ለሶላት ወጣ ስትል በለጡ ከጠረጴዛው ላይ አነሣችውና በጣቷ እየተከተለች ማንበብ ጀመረች። ከሁሉ አስቀድሞ ማነሱ አስደነገጣት፤ ገጹን እንኳ አልሞላም። በስተቀኝ ከላይ ቁጥርና ቀን አለ። በስተግራ የኮርፖሬሽኑ ስም አለ፤ «ይድረስ» የለ፣ «ክቡር» የለ፣ የጤና ጥያቄ የለ። መሐል ላይ «ጉዳዩ፦ ማቅለሚያና የድር ክር እንዲሸጥልን ስለመጠየቅ» ይልና ከሥሩ ተሰምሮበታል። ከዚያ ማኅበሩ ማን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ የሚፈልገው በሌላ አንድ፣ ለምን እንደሚፈልገው በሌላ። የትኛዋም ሴት አትራብም፣ የማንም ልጅ አያለቅስም። በለጡ ይኼ ልመና ነው ወይስ ትእዛዝ አለች ለራሷ።

ወረድ ስትል ጣቷ ቆመ። «የማኅበሩ አባላት ስም ዝርዝር በአባሪነት ተያይዟል» ይላል። ደግማ አነበበችው፤ ፊደሉ ያው ነው። ከፊርማው ቦታ በታች ደግሞ፣ «ኢትዮጵያ ትቅደም» ከሚለውም በታች፣ በስተግራ ጥግ ላይ «ግልባጭ፦ ለቀበሌው ጽሕፈት ቤት» የሚል አለ። አባሪ ማን እንደሚባል ታውቃለች፤ ባሏ ተብሏል። ግልበጣ የሚባለውንም በራዲዮ ሰምታዋለች፤ መንግሥት ሊገለብጡ ሲያሤሩ ተገኙ ተብሎ ስም ሲጠራ። አሁን የእሷና የሴቶቹ ሁሉ ስም ከነአባታቸው አባሪ ተብሎ ተጽፏል፣ ለቀበሌም ሊላክ ነው።

ፋዲላ ተመልሳ «እትዬ በለጡ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» ስትላት፣ እምቢ ብትል ማወቋ ይታወቃልና ፈረመች። ማኅተሙም ተመታ። ከዚያ በተቻላት መጠን ድምፅዋን አለዝባ፣ ነገ ወደ ከተማ ስለምወርድ ለኮርፖሬሽኑም ለቀበሌውም እኔው አደርሰዋለሁ አለች። ፋዲላ አመሰገነቻት። በለጡ ሁለቱንም ፖስታ በነጠላዋ ሸፍና ወጣችና ማንም በማይነካው ያልተበጠረ ፀጉር ጆንያ ውስጥ፣ ከታች ከተተቻቸው።

ማታ ለባሏ ነገረችው። ወልደ ሐዋርያት ቃሉን ሲሰማ ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሰ። «አቃጥዪው» አላት። በለጡ ግን አላቃጠለችውም። የተቃጠለ ወረቀት ነገ ቢጠየቅ ምን ይባላል?

ከዚያ በኋላ ሥራዋ ፋዲላን ማየት ሆነ። ልጅቷ በሳምንት በሳምንቱ «መልስ አልመጣም እትዬ?» ብላ ትጠይቃለች፤ በለጡ ጥያቄውን ራሱን እንደ ወጥመድ ቆጠረችው። ከማን ጋር እንደምትወርድ፣ ማን እንደሚፈልጋት ትከታተላለች። አንድ ቅዳሜ ሾላ ወርዳ የጀማለዲንን ሱቅ አፈላልጋ አገኘችና ጥቁር አዝሙድ እንደሚገዛ ሰው ቆመች። ጨዋታውን አዙራ ስለ ልጁ ጠየቀችው፤ ማን ሥራውን እንዳስገኘላት፣ ከሥራ በኋላ የት እንደምትውል። ጀማለዲን መመዘኑን ትቶ አያት፣ ቀጥሎም ከኋላዋ በሩን አየ። ልጄ የታዘዘችውን ብቻ ነው የምትሠራው፣ እኛ ከማንም ጋር የለንበትም አላት። ቅመሙን መዝኖ ሳይጨርስ ጠቅልሎ ሰጣት። በለጡ ዳገቱን ስትወጣ፣ የሚደብቀው ባይኖር ለምን ይፈራል እያለች ወጣች። እሷም ራሷ ለሰው እንዲህ እንደምትታይ አላሰበችውም።

ማቅለሚያው አለቀ። ሴቶቹ ለጥቂት ቀን ነጭና ጥቁር የበግ ፀጉር ብቻ እየቀላቀሉ ሠሩ፣ ቀጥሎ ድሩ አለቀና እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ። ሥራ መቆሙ ከቀበሌው አልፎ የበላዩ የከፍተኛው አስተዳደር ዘንድ ተሰማ፤ ጓድ አካሉ የሚባል የከፍተኛው ተቆጣጣሪ ሐሙስ ዕለት መጥቶ ምክንያቱን ሊመረምር ነው ተባለ።

ረቡዕ ከሰዓት ሴቶቹ ሲወጡ ፋዲላ በሩን ዘጋች። ፊቷ ገርጥቷል።

«ኮርፖሬሽኑ ሄጄ ነበር» አለች። «የገቢ ደብዳቤ መዝገቡን አሳዩኝ። በእኛ ቁጥር የገባ የለም። ቀበሌውም ግልባጩ አልደረሰውም። እትዬ፣ ደብዳቤውን ምን አደረጉት?»

በለጡ ዐይኗን ወደ ጆንያው ሰደደች።

«ነገ ጓድ አካሉ ይኼንኑ ይጠይቀኛል። ምን እንደሚሉት ያውቃሉ፤ አሻጥር ነው የሚሉት።»

በለጡ ተነሥታ ጆንያውን ገለበጠችና ፖስታዎቹን አወጣች። ፀጉር ተጣብቆባቸዋል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ጣቷን ቃሉ ላይ አሳረፈች። «ይኼን አንብቢልኝ» አለች። «ጮክ ብለሽ። እነዚህ ሴቶች ምን አድርገው ነው አባሪ ያልሻቸው?»

ፋዲላ አነበበች። መጀመሪያ አልገባትም፤ ሲገባት ቀስ ብላ ተቀመጠች። ሳቅም ቁጣም አልመጣባትም። ቃሉን ስትማር እንደ ተነገራት ጽፋው ኖራለች፤ ሰው እንዲህ ያነበዋል ብላ አስባ አታውቅም። ከዚያ አንድ በአንድ ታስረዳት ጀመር። አባሪ ማለት በመሥሪያ ቤት አባባል ከደብዳቤው ጋር አብሮ የሚሄድ ወረቀት ነው። ግልባጭም የዚያው ደብዳቤ ቅጂ ነው፤ ጉዳዩ የሚመለከተው ሌላ ክፍል እንዲያውቀው የሚላክ። ቁጥሩና ቀኑ ሲጠፋ ለመፈለግ ነው። «ጉዳዩ» የሚለው ደግሞ ብዙ ወረቀት የሚያገላብጥ ሰው ሳይለፋ ወደሚመለከተው ክፍል እንዲመራው ነው። የሾላው ጸሐፊ ደብዳቤ መልስ ያላገኘው ምናልባት የሚፈለገው ነገር ያለበት ቦታ ድረስ ያነበበው ሰው ስላልነበረ ይሆናል።

በለጡ እያንዳንዱን ሰማች፤ ግማሹን አመነች። «ታዲያ ቅጂ ከሆነ ለምን ቅጂ አትዪም?» አለች።

«ደንቡ ነው።»

«ደንቡን ያወጣው ሰው ከቤቱ ሰው ወስደውበት አያውቅም ማለት ነው።»

ፋዲላ አዲስ ወረቀት መኪናው ላይ አስገብታ የዕለቱን ቀን መታች። አባሪ ባለችበት ቦታ «የአባላቱ ስም ከዚህ ጋር ተያይዟል» ብላ ጻፈች። ግልባጭ የሚለውን ግን አልቀይርም አለች፤ ያ ቃል ካልተጻፈ ቀበሌው ለምን እንደተላከለት አያውቅም። በለጡ ተከራክራ ተከራክራ ተወችላት፤ አብረን እንወስደዋለን፣ ሲቀበሉትም ቆሜ አያለሁ በሚል ተስማሙ። የድሮውን ደብዳቤ ፋዲላ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በለጡ ቦርሳው ሲዘጋ ዐይኗ ቀረበት። ከሄደች በኋላ፣ የፈረምኩበትን ወረቀት ለምን ሰጠኋት ብላ ራሷን ስትረግም አመሸች።

ጓድ አካሉ በማግስቱ መጣ። ቆሞ ነው የጠየቀው። ማቅለሚያ ማለቁ ከታወቀ ይኼን ያህል ጊዜ ሆኖታል፣ ደብዳቤው የተመታው ትናንት፤ በዚህ መሐል የነበረው ጊዜ የት ሄደ? ሥራ ሆን ተብሎ ከቆመ አሻጥር እንደሆነ፣ አሻጥርም ምን እንደሚያስከትል ተናገረ። ዐይኑ ከበለጡ ላይ አልተነሣም። በለጡ ጆንያው ላይ በእጇ ተደገፈች። ፋዲላ ወደ ቦርሳዋ እጇን ስትሰድ አየቻት። ይኸው አወጣችው አለች በልቧ።

ፋዲላ ያወጣችው መሐረብ ነው። አፍንጫዋን ጠረገችና «ጥፋቱ የእኔ ነው ጓድ» አለች። «የጽሕፈት መኪናው የቀለም ሪባን አልቆ ሌላ እስካገኝ ቆየሁ። በእጅ ጽፌ መላክ ነበረብኝ።»

አካሉ መኪናውን ገልጦ አየ፣ ሪባኑን ነካ፣ ጣቱ ጥቁር ሆነ። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ቸልተኝነት እንዳይደገም አስጠንቅቋት ሄደ። ለፋዲላ የማስጠንቀቂያ ወረቀት ደረሳት፤ ተቀብላ ፈረመች።

በለጡ ግን እፎይ ማለት አልቻለችም። ይህች ልጅ ለእኔ ብላ ለምን ትዋሻለች? ነገ ምን ልትጠይቀኝ ነው? ደብዳቤውን ኮርፖሬሽኑ ድረስ አብረው ወስደው፣ መዝገብ ላይ ሲገባ በለጡ ቆማ አይታ ሲመለሱ፣ ዳገቱ መሐል ላይ ቆመችና በቀጥታ ጠየቀቻት።

ፋዲላ ትንፋሽዋን ሰበሰበች። «እርስዎ ሱቅ የመጡ ለት አባቴ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም» አለች። «ልጄን ሊወስዱብኝ ነው ብሎ። እርስዎን ብጠቁም ደግሞ የእርስዎ ባለቤት አይተኙም። ለእኔ ምን ይረባኛል?»

በለጡ የልጅቷን ዘንቢል ተቀብላት መንገዱን ቀጠለች።

መልሱ መስቀል ሳይደርስ መጣ። «በቁጥርና በቀን የተጠቀሰው ደብዳቤያችሁ ደርሶን» ብሎ ይጀምራል፤ ከጠየቁት ግማሽ ያህሉን ፈቅዷል። በለጡ ሴቶቹ ፊት ቆማ ራሷ አነበበችው። ማንም አላለቀሰም፤ ማቅለሚያውን ማን እንደሚያመጣ ተነጋገሩና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ፋዲላ ማኅበሩ ውስጥ ሦስት ዓመት ሠራች። በዚያ ጊዜ በለጡ ደብዳቤ ማርቀቅ ከእሷ ተማረች፤ የሚፈለገውን አስቀድሞ ማለት፣ አንድ ደብዳቤ ውስጥ ሁለት ጉዳይ አለማደባለቅ፣ ለሰው ሳይሆን ለመሥሪያ ቤቱ መጻፍ። ጤና ሳይጠይቁ መጀመሩን ግን እስከ መጨረሻው አልወደደችውም። የመጀመሪያውን ዓመት የልጅቷን ቦርሳ ማየት አልተወችም ነበር፤ መቼ እንደተወችው ራሷም አታውቅም። ፋዲላ አግብታ ኮተቤ አካባቢ ሌላ መሥሪያ ቤት ስትገባ፣ በለጡ ራሷ ፈትላ የሠራችውን ምንጣፍ ይዛ ሾላ ወረደች። ጀማለዲን በሩ ላይ ሲያያት እንደገና ደንገጥ አለ፣ ቀጥሎ ምንጣፉን አየና ወንበር አወጣላት።

በፋዲላ ምትክ ጉደታ የሚባል ወጣት ተመደበ። ትሑት ነው፣ ጽሑፉም ያምራል። በለጡ ወንበር ሰጠችው፣ የመጀመሪያ ደብዳቤውን ከነነጥቡ አነበበችና ሁለት ቦታ አረመችው። ጥሩ ልጅ ይመስላል አለች ማታ ለወልደ ሐዋርያት። እስቲ እናየዋለን አላት።