ስልሳ ግራ እግር

ሚሊ እውነተኛ ስሟ አይደለም። ስፌት ቤቱ ያወጣላት ስም ነው። ጨርቅ ቆራጭ ናትና፣ "ግማሽ ሴንቲ ምን አላት፣ እለፊያት" ያላትን ሁሉ "ግማሽ ሴንቲ እኮ አምስት ሚሊ ናት፤ አምስት ሚሊ ደግሞ ሲቀመጡ ትጮኻለች!" እያለች ስትሟገት ኖራ ስሙ ተጣብቆባት ቀረ። እኔ የተዋወቅኋት ሱሪ ላሳጥር የሄድኩ ቀን ነው። ሱሪው በአንድ ሰዓት ውስጥ አለቀ፤ ጨዋታው ግን ይኸው ሦስት ዓመት ሞላው፣ አላለቀም።

ስፌት ቤቱ አንድ ረጅም ክፍል ነው። በመስኮቱ በኩል ስድስት የስፌት መኪናዎች ተደርድረዋል፤ መሐል ላይ ሁለት በር የሚያክል የመቁረጫ ጠረጴዛ አለ፤ ከጠረጴዛው ትይዩ ግድግዳው ላይ አንድ ሚስማር፣ ሚስማሩ ላይ ትልቁ መቀስ። ያንን መቀስ ከሚሊ በቀር የሚነካው አልነበረም። ባለቤቱ፣ ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው ሽማግሌ እንኳ፣ ክር ለመበጠስ ሌላ ነው የሚፈልጉት። "የሰው ጥርስና የቆራጭ መቀስ አይዋሱትም" ይላሉ።

ቤቱ ሌላም ሕግ አለው፦ በባዶ ሆድ መቀስ አይነካም። ድሮ አንዷ ሠራተኛ ቁርስ ሳትቀምስ መጥታ፣ ጠረጴዛው ላይ ራሷን ስታ ወድቃ እጇን ቆርጣለች። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ሁሉም ተሰብስቦ ዳቦና ወተት የበዛበት ሻይ ሳይቀምስ ሥራ አይጀመርም። ጋሼ ራሳቸው እየዞሩ ብርጭቆ ያያሉ። ይህን ሕግ ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የሚሊ ነገር የጀመረው በድካም ነው። ሌሊቱን ሙሉ ተኝታ፣ ጠዋት ስትነሳ ድንጋይ ተሸክማ ያደረች ይመስላታል። ሰው በሙቀት ሲነፍር እሷ ሹራብ ትደርባለች። የእጇ ቆዳ ሻክሮ ሐሩን ይስበው ጀመር። የደንበኛ ወገብ ለክታ ወደ ደብተሩ ስትዞር ቁጥሩ ከራሷ ብን ብሎ ይጠፋል። ባሏ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው፤ ከቤት ቤት እየዞረ ቁጥር የሚመዘግብ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው። "የኔ እመቤት፣ አንቺ ላይማ የሆነ ቦታ ቧንቧ ያፈሳል" ይላታል። እሷ ግን "እርጅና ነው" ብላ ዘጋችው። አርባ ስድስት ዓመቷ ነበር።

ነገሩን ያገኘው ሜትር ነው። ስፌት ቤቱ በዓመት አንዴ ለሠራተኞቹ አዲስ ጋዋን ያሰፋል፤ ልኬቱም ከአምናው ጎን በአንድ ደብተር ይጻፋል። የዚያን ዓመት ሚሊን የለኳት ጋሼ ነበሩ። አንገቷ ላይ ሲደርሱ ሜትሩን ፈትተው እንደገና ለኩ።

"አንገትሽ በሁለት ሴንቲ ጨምሯል።"

"ወፍሬ ነው ጋሼ።"

"የእጅሽ አንጓ እንደ አምናው ነው። አንገቱ ብቻ የሚወፍር ሰው በሃምሳ ዓመት ሥራዬ አላየሁም። ነገ ሐኪም ቤት ሂጂ።"

"ሥራውስ?"

"ሥራው የትም አይሄድም፣ እግር የለውም።"

ሄደች። ደም ተቀዳች። አንገት ላይ እንደ ቢራቢሮ ክንፏን ዘርግታ የምትቀመጥ፣ ታይሮይድ የምትባል ዕጢ አለች፤ የሰውነትን ፍጥነት የምትወስነው እሷ ናት። የሚሊ ዕጢ ደግሞ አብጣም ሰንፋለች። "እንደ ስፌት መኪና አስቢው፤ ሞተሩ ደህና ነው፣ ፔዳሉን የሚረግጠው ነው የደከመው" አላት ሐኪሙ። የጎደለውን የሚተካ ክኒን በየጠዋቱ እንድትወስድ፣ ከሁለት ወር በኋላም ደሟ እንደገና እንዲታይ አዘዘላት። ደሟ ትንሽ አንሶ ስለተገኘም የብረት እንክብል ጨመረላት።

ስፌት ቤቱ ደስ አለው፤ በሽታው ስም አገኘ፣ መድኃኒትም አለው። በየጠዋቱ የወተት ሻዩ ሲቀዳ ጋሼ ከወዲያ ማዶ ይጣራሉ። "ሚሊ፣ መድኃኒትሽን ወሰድሽ?" ሚሊም ክኒኑንና እንክብሉን በአንድ ላይ ወደ አፏ ጣል፣ በሻዩ ወረድ፣ ዳቦዋን ገመጥ። አንድ ቀን አልሳተችም። ቁልፍ የምትተክለው ወጣት እንዲያውም ለእሷ ወተቱን አብዝታ ነበር የምትቀዳላት። "ለአቅም ይሆናታል" ብላ።

ስድስት ሳምንት አለፈ። ድካሙ ያው፣ ብርዱ ያው፣ ጭንቅላቷ ያው ወንፊት። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ደግሞ የተማሪዎች ደንብ ልብስ ትእዛዝ መጣ። ሱሪ ሲቆረጥ ጨርቁ ድርብ በድርብ ተደራርቦ ይነጠፋል፤ ፊትና ጀርባ ያለው ጨርቅ ከሆነ፣ ግማሹ ድርብ ፊቱን ወደ ላይ፣ ግማሹ ወደ ታች ተደርጎ ነው የሚነጠፈው። ያኔ አንዱ ግራ እግር፣ አንዱ ቀኝ እግር ይወጣል። ይህን ጀማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ይማረዋል። የዚያን ቀን ሚሊ ስልሳውንም ድርብ ፊቱን ወደ ላይ አንጥፋ፣ በጠመኔ አሰምራ፣ በዚያ በሚያምር እጇ ጥርት አድርጋ ቆረጠችው።

መኪና ላይ የተቀመጠችው ሁለቱን እግሮች ልታጋጥም አነሳች፤ አልገጠሙም። ሌላ ሁለት አነሳች። እነሱም አልገጠሙም። ስልሳ ግራ እግር፤ ቀኝ የሚባል የለም።

"ምን ችግር አለው፣" አለች ቁልፍ ተካይዋ፣ "በአንድ እግር የሚዘሉ ተማሪዎች ያሉበት ትምህርት ቤት እንፈልጋለን።"

ሁሉም ሳቁ፤ ሚሊም ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ መሐል ላይ ተለውጦ እንባ ሆነ። ጋሼ ቀረብ ብለው መቀሱን ከእጇ ተቀበሏት። አልተቆጡም። ሚስማሩ ላይ ሰቀሉትና፣ "እስኪሻልሽ ካውያ ላይ ሥሪ፣ ልጄ። የደከመ ሰው ሲሳሳት እጁ ነው የሚቆረጠው፤ እኔ ደግሞ ያንቺን እጅ ነው የምፈራው" አሏት።

ሃያ ሁለት ዓመት ቆራጭ የነበረች ሴት ከካውያ ጀርባ ቆመች። "በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር፤" አለችኝ ያን ሰሞን፣ አንገቷን እየዳበሰች፣ "እንቅርቱ ይኸው፣ ጆሮ ደግፉ ደግሞ ያ ሚስማር።" የሚያሳስባት ሌላ አልነበረም። መቀሱ ይመለስልኝ ይሆን? ነው የምትለው ቀን ከሌት።

የሁለት ወሩ ምርመራ ውጤት ሲመጣ ያነበበው ባሏ ነው፤ ቁጥር ሙያው አይደል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ዕጢዋ ሰንፋለች፣ ዝቅ ካለ ነቅታለች ማለት እንደሆነ ሲነገረው፣ "የተገላቢጦሽ ቆጣሪ! የኔው ሲሮጥ ውሃ አለ፣ ያንቺው ሲሮጥ ውሃ የለም" አለ። ግን ቀልዱ አልሰመረለትም። ቁጥሩ ከመጀመሪያው እምብዛም አልወረደም። ሐኪሙም መጠኑን ጨምሮ ጻፈላት።

ማዘዣውን ይዛ ወደ ሰፈሯ መድኃኒት ቤት ገባች። የመድኃኒት ባለሙያዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የምትሰቅል፣ ማዘዣ ስታነብ የምታፏጭ ሴት ናት። ፉጨቷን አቆመች።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ እህቴ፣ በምንድን ነው የምትውጪው?"

"በአፌ።"

"እሱንስ ገምቼ ነበር" ብላ ሳቀች። "በውሃ ነው፣ በሻይ?"

"በወተት ሻይ። ከዳቦ ጋር። ያቺንም የብረቷን እንክብል እዚያው ጣል አድርጌ።"

ባለሙያዋ መነጽሯን አወረደች። "ውይ እህቴ! ወተቱም ብረቱም መድኃኒቱን ሆድሽ ውስጥ ይዘው አያስገቡትም። በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ ነው የሚዋጠው። ይኸው ሁለት ወር ያከምሽው ወተቱን ነው።"

"ግን እኮ... በባዶ ሆድ..." አለች ሚሊ፤ የጋሼ ብርጭቆ ቆጠራ በዓይኗ መጣባት። ሐኪሙ ነግሯት ይሆናል፤ ያኔ ግን የሰማችውን የሚይዝ ጭንቅላት አልነበራትም።

ባለሙያዋ ወረቀት ላይ ጽፋ ወደ ሐኪሙ መልሳ ላከቻት። ሐኪሙም አንብቦ፣ "መጠኑን አንጨምርም፤ መጀመሪያ አወሳሰዱን እናስተካክልና ከስድስት ሳምንት በኋላ ደምሽን እንየው" አለ። ያን ቀን ባሏን አስከትላ ነበር የሄደችው። እሱ የቆጣሪ ደብተሩን ዘርግቶ፣ ሐኪሙ የሚለውን ሁሉ እንደ ቤት ቁጥር መዘገበው። አሁን ሐኪም ቤት ብቻዋን አትገባም፤ "አንድ ጆሮ ሲዘነጋ ሌላው ይይዛል" ትላለች።

ከዚያ የቤቷ ጠዋት ተለወጠ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ገና ፊቷን ሳትታጠብ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃና አንዲት ክኒን። ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል ምንም የለም፣ ቡናም ቢሆን። እንግዲህ ሰዓቱን ሆዷን እየሰማች ቁጭ ብላ አትጠብቅም፤ በአውቶቡስ ትሄድበት የነበረውን መንገድ ከባሏ ጋር በእግሯ ትሄደዋለች። እሱ ወደ ቆጣሪዎቹ፣ እሷ ወደ ስፌት ቤቱ። ስትደርስ የወተት ሻዩ እየተቀዳ ነው፤ የጋሼም ሕግ አልተጣሰም። የብረቷ እንክብል ለብቻዋ ወደ ማታ ተዛወረች፤ ቢያንስ አራት ሰዓት ይራራቁ ተብላለች።

መዘንጋቱስ? ለእሱ ደግሞ የራሷን ሙያ ጠራች። ከእነዚያ ግራ እግሮች አንዱን አንስታ ረዘም ያለ ቁራጭ አወጣችበት፤ ሰባት ኪስ ሰፋችበት፤ በየኪሱ ላይ አንድ አንድ ቁልፍ። ክኒኖቹን ከነማሸጊያቸው አንድ አንድ እየቆረጠች በየኪሱ ከተተች፤ ከመኝታ ክፍሉ በር ጀርባ፣ ፀሐይና እርጥበት በማይደርስበት ሰቀለችው። የዛሬው ቁልፍ ከተፈታ ወስዳለች፤ ካልተፈታ አልወሰደችም። "ወሰድኩ ወይስ አልወሰድኩም?" እያሉ ሁለት መዋጥ የለም። አንድ ቀን ብትዘነጋ እንኳ በማግሥቱ ደራርባ አትውጥም፤ መድኃኒት ቤት ደውላ ትጠይቃለች።

ሥራዋንም በልክ በልኩ ቆረጠችው። ጭንቅላቷ የሚጠራው ጠዋት ነውና ልኬትና ስሌት ለጠዋት፤ ከሰዓት በኋላ ካውያና የጨርቅ ጠርዝ በእጅ መልቀም። ወንበሯ ጀርባ ሁልጊዜ አንድ ስስ ሹራብ አለ፤ ሲበርዳት ትደርባለች፣ ሲሞቃት ታወልቃለች፣ ከማንም ጋር በመስኮት አትጣላም። ሐር ከመንካቷ በፊት እጇን በቅባት ታሻለች።

ቁልፍ ተካይዋ ለውጡን አይታ አንድ ቀን ተጠግታ ጠየቀቻት። "እትዬ ሚሊ፣ ታከሳለች አሉ ያቺ ክኒን። አንዷን ጣል አድርጊልኝ፣ ወገቤ እንዲቀንስ።"

"ዕጢሽ ደህና፣ ምን ልታደርግልሽ! ልብሽን እንደ ልቅ መኪና ታሯሩጥልሻለች እንጂ። ወገብ ከፈለግሽ አምጪ ቀሚስሽን፣ አጠብብልሻለሁ።"

በስድስተኛው ሳምንት ቁጥሩ ወረደ። በሦስተኛው ወር ልኩ ውስጥ ገባ። ባሏ ውጤቱን መንገድ ላይ ከፍ አድርጎ አነበበው፤ አላፊ አግዳሚው ሎተሪ የወጣለት መስሎት ዞሮ አየው። አንዲት ጎረቤት "እንግዲህ ድነሽ የለ፣ ተይው መድኃኒቱን" ብትላት፣ ሚሊ "የዳንኩት እኮ ስለወሰድኩት ነው። ጣራ አያፈስም ብለሽ ቆርቆሮውን ትነቅያለሽ?" አለቻት።

መቀሱ ግን ገና ሚስማሩ ላይ ነበር። ጋሼ አላነሱትም፤ እሷም አልጠየቀች። የተወሰደባትን መልሱልኝ ማለት ከብዷታል፤ የሚሰጥ ከሆነ ሳይጠየቅ ይሰጣል ብላ ቆመች፣ ካውያዋን ይዛ።

እኔ አዲስ ሱሪ ለማሰፋት ጨርቅ ይዤ የሄድኩት ያን ሰሞን ነው። ጋሼ ጨርቁን በጣታቸው ፈተሹ፤ ፊትና ጀርባ ያለው ነው። ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ከዚያ እጃቸውን ወደ ግድግዳው ዘርግተው መቀሱን አወረዱ፤ እጀታውን ወደ እሷ አድርገው ያዙት።

"ነይ ሚሊ። እኚህ ሰው ሁለት እግር አላቸው፤ ቆጥሬያለሁ።"

እሷ ካውያዋን ነቀለች፤ አስቀድማ መንቀሏን ልብ አልኩ። እጇን ጋዋኗ ላይ ጠረገች። ጠመኔ አንስታ ጨርቁ ላይ ጻፈች፦ ቀኝ፤ ግራ። ከፊት ለፊቷ ያለውን ድርብ ገለበጠች፤ እንደገና አየችው፤ ለማረጋገጥ እኔን ጭምር አየችኝ። መቀሱ ጨርቁን ሲበላ የሚያሰማው ድምፅ ክፍሉን ሞላው፤ መኪናዎቹ ሁሉ ቆመው ነበር።

ስትጨርስ ጋሼ ሁለቱን ቁራጮች አንስተው ገጣጠሙ፤ ገጠሙ። "እሺ" ብቻ አሉና ወደ ወንበራቸው ሄዱ፤ ሲሄዱ ግን በመሐረብ አፍንጫቸውን ጠረጉ።

"ብዙ ሰው አለብኝ የማመሰግነው፤" አለችኝ ኋላ ሱሪውን ስለካ። "የጋሼ ሜትር አለ፤ የባሌ ደብተር አለ። ከሁሉ ግን ያቺ ሴት። በምንድን ነው የምትውጪው ብላ ባትጠይቀኝ፣ ዛሬም ወተቱን እያከምኩ ካውያ ላይ ነበርኩ።"

የቀሩት ሃምሳ ዘጠኝ ግራ እግሮችም አልተጣሉም። በየእረፍቷ ሰባት ሰባት ኪስ ትሰፋባቸዋለች፤ ባለሙያዋ መድኃኒታቸውን ለሚዘነጉ ሰዎች በነጻ ትሰጣቸዋለች። ባለፈው ስጠይቃት አሥራ አንድ ቀርተዋል።

"ሲያልቁስ?" አልኳት።

"ሲያልቁ ሌላ ጨርቅ እገዛለሁ" አለችኝ። "ሁለተኛ ስልሳ ግራ እግርማ ጋሼም አይችሉትም።"