አብዱልሰመድ ቢቀርስ?

አብዱልሰመድ የቤት ማሞቂያ ጠጋኝ ነው። እዚህ ሚኒያፖሊስ ፈርነስ የሚሉትን፣ ምድር ቤት ተቀምጦ ክረምቱን ሙሉ የሚያጉረመርመውን የብረት ሳጥን ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሀበሻ አልነበረም። ከደሴ መጥቶ ሙያውን ተማረ፣ ለሰው ተቀጥሮ ሠራ፣ በኋላ አንዲት አሮጌ ነጭ ቫን ገዝቶ የራሱን ሥራ ከፈተ። ባለቤቱ ሻሂዳ ኮሎምቢያ ሃይትስ ካለው ቤታቸው ሆና ስልክ ታነሳለች፤ የቀረው ሁሉ የእሱ ነው። የማን ቤት ምን እንደጎደለው፣ የትኛው ዕቃ እንደታዘዘ፣ ነገ ወደ ማን እንደሚሄድ፣ ሁሉንም በጭንቅላቱ ይዞ ይዞራል። ደግሞ ይኮራበት ነበር፣ ሰውዬው።

በጥር መጀመሪያ ኪዳኔ የሚባል የሒሳብ ሠራተኛ ሴዳር ሪቨርሳይድ ካሉት ፎቆች በአንዱ፣ ምድር ቤት ውስጥ፣ የራሳቸው ሥራ ላላቸው ባለሙያዎች የንግድ ዕቅድ ማስተማር ጀመረ። ቀለም ቀቢውም፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛውም፣ የቧንቧ ሠራተኛው ባድሩም መጣ። ሻሂዳ ባሏን እየጎተተች ወሰደችው። ኪዳኔ ደንበኛ ከየት እንደሚመጣ፣ ዋጋ እንዴት እንደሚወጣ ሲጠይቅ ሁሉም ለመመለስ ይሻማ ነበር። ከዚያ ወደ አብዱልሰመድ ዞረ።

«ጋሽ አብዱልሰመድ፣ ነገ አንድ ነገር ሆነው ቢቀሩስ? ሥራውን ማን ይይዘዋል?»



«አታሟርትብኝ እንጂ፣ ኪዳኔ» አለ አብዱልሰመድ። ፈገግ ብሏል፣ ዓይኑ ግን አልሳቀም።

«አላህ ይከልለው» አለ ባድሩ ከኋላ። ሌላውም ተከትሎ አማተበ።

እንዲህ ነን እኛ። ክፉ ነገር ስሙ ከተጠራ ቤታችንን የሚያገኘው ይመስለናል። ኪዳኔም ያው የእኛው ልጅ ነውና ደነገጠ። «ይቅርታ፣ አፌን ቁርጥ ያድርገው፣ ይህን እንዝለለው» ብሎ ወደ ማስታወቂያ ሥራ አለፈ። ሻሂዳ ጥያቄው መልስ እንደሚፈልግ ታውቅ ነበር። እሷም አብራ ዝም አለች። ሲወጡ ኪዳኔ አብዱልሰመድን በር ላይ ጎተት አድርጎ አወራው፤ ይቅርታ የሚጠይቀው መሰላት።

ወሩ ሳያልቅ ብርዱ ከረረ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ መኪና አልነሳ አለ፣ የሻሂዳም ስልክ ዕረፍት አጣ። አብዱልሰመድ ከክሪስታል እስከ ሴንት ፖል ሲሮጥ ሰነበተ። እራት ላይ ማንኪያው ከቀኝ እጁ ሲወድቅ ሻሂዳ አየች። ሐኪም ቤት እንሂድ ስትለው «ብርዱ ነው» አላት። ማንኪያው እንደገና ወደቀ፤ በግራው አንስቶ መብላቱን ቀጠለ።

ሐሙስ ጠዋት ጫማውን እያሰረ፣ «ዛሬ መጀመሪያ የምደርስበት ቤት አለ» አላት። «ትናንት ነው ያየሁት። የፈርነሱ ሆድ ተሰንጥቆ የተቃጠለው ጋዝ ቤት ውስጥ እየገባ ነው።»

«ታዲያ አላጠፋኸውም?»

«ልጅ አለች ቤቱ ውስጥ። በዚህ ብርድ እንዴት ብዬ ላጥፋው? መስኮት ከፈት አድርጉ ብያቸዋለሁ። ፓርቱ ዛሬ ይደርሳል፣ ቼንጅ አደርገዋለሁ።»

ያ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ ሰው እንቅልፍ የወሰደው እየመሰለው በዚያው ይቀራል። ይህን ለሻሂዳ ያስተማራት ራሱ ነው። በዚህ ብርድስ መስኮት ከፍቶ የሚያድር ማን ነው?

«የማን ቤት ነው?» አለችው።

«ምን ያደርግልሻል? እኔው እሄድ የለ።»

«መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆንስ?»

«ሻሂዳ፣ በጠዋቱ አታሟርቺ።»

አሁንም ዝም አለች። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የቫኑ ሞተር ሲነሳ ሰማች፤ መኪናው ግን አልሄደም። ወጥታ ስታይ በረዶው ላይ ተዘርሯል፣ አፉ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል።

ሆስፒታል ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሏት። ምላሱ ተሳስሯል፣ ቀኝ ጎኑ አይንቀሳቀስም። ዓይኑ ግን ከበሩ ላይ አልነቀል አለ። ሻሂዳ ግራ እጁን ያዘች።

«ያ ቤት ነው? የተሰነጠቀው?»

እጇን ጨመቃት።

አልጋው አጠገብ ካለው ስልክ፣ በእሷ በኩል የጠሩትን ደንበኞች ሁሉ እያስታወሰች ደወለች። ፈርነስ አጥፉ፣ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ ትላለች፤ ስም በጠራች ቁጥር እጁን ትጠብቃለች። እጁ ዝም ነው። በስልክ ያልጠራው ሰው እንደሆነ ስትጠይቀው ጨመቃት። የመስጊድ ሰው እንደሆነ ስትጠይቀው ግን እጁ አልጨመቃትም።

«ምናልባት አብረውን ከተማሩት አንዱ ይሆናል፤ እነሱን ሁሉ የሚያውቅ ኪዳኔ ነው» አለች ጮክ ብላ፣ ለራሷ። «ኪዳኔ ይርዳን።»

እጁ ጨመቃት። የተስማማ መሰላት። ደወለች። ኪዳኔ ቤቱ ነው የሚሠራው፣ ስልክ ሁለቴ ሳይጮኽ ያነሳል። ዛሬ ጮኸ፣ ጮኸ፣ አላቆመም። ያኔ ነው እጁ እንዳለቀቃት ያስተዋለችው። አጥንቷ እስኪያማት ይጨምቃት ነበር።

«ኪዳኔ ቤት ነው?»

የአብዱልሰመድ ዓይን እንባ ሞላ። ያን ቀን ኪዳኔ በር ላይ ጎተት ያደረገው ለካ ስለ ቤቱ ማሞቂያ ሊነግረው ነበር።

ወደ አደጋ ጊዜ ስልክ፣ ናይን ዋን ዋን፣ ደወለች። ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው አለ ብለው ጠየቋት። አባት፣ እናት፣ አንዲት ልጅ፣ አለች።

የእሳት አደጋ ሠራተኞች በሩን ሰብረው ሲገቡ መስኮቶቹ ተዘግተው፣ ከሥራቸው ፎጣ ተወትፎባቸው አገኙ። ሚስቱን የሺሀረግንና ልጃቸውን ሆሳዕናን ሐኪሞች አተረፏቸው። ኪዳኔን ቀበርነው።

ሻሂዳ ለቅሶ ሄደች። መሄዱ ከብዷት ነበር፣ ግን ሄደች። የሺሀረግ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻት።

«የእኛን ቤት ነገር ከእሱ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው እንኳ እንዴት ይጠፋል?»

ሻሂዳ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች።

«ኪዳኔ ጠይቆን ነበር» አለች። «እኛ ነን ዝም ያሰኘነው።»